የስፒከር ገመድ፦ አንዱ ጎን 3 ሜትር፣ ሌላው 11 ሜትር ቢሆን ችግር አለው?

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሆጤ በሚገኘው የቤተሰብ ቤታችን ሳሎን ውስጥ አምፕሊፋየርና ሁለት ስፒከሮች ልገጥም ነው። ቤቱ መጀመሪያ የጭቃ ቤት ነበር፤ በኋላ በብሎኬት ተቀጥሎ ስለሰፋ ሳሎኑ ማዕዘን ሠርቶ ይዞራል። አምፕሊፋየሩ የሚቀመጠው ቡፌው ውስጥ ነው፤ እናቴ ከዚያ ሌላ ቦታ አልፈቀደችም። የቀኙ ስፒከር ከቡፌው አጠገብ ስለሚሆን 3 ሜትር ገመድ ይበቃዋል። የግራው ግን ከበሩ ማዶ ነው። በዓይን ሲታይ ከ4 ሜትር አይበልጥም፤ ገመዱ ግድግዳውን ተከትሎ፣ የበሩን መቃን ተሻግሮ ሲሄድ ግን 11 ሜትር ይሆናል ብዬ ገምቻለሁ።

ፒያሳ ወርጄ ስጠይቅ ሻጩ «ሁለቱም እኩል 11 ሜትር መሆን አለባቸው፤ አለዚያ የአንዱ ድምፅ ከሌላው ቀድሞ ይደርሳል» አለኝ። እንደ እርሱ አባባል 22 ሜትር ገዝቼ 8 ሜትሩን ከቡፌው ኋላ ጠቅልዬ ላስቀምጠው ነው። ገመዱም ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ቀጭን፣ ቀይና ጥቁር፤ ሌላው ወፍራም፣ ልባሱ ውስጡን የሚያሳይ፣ ዋጋው ሦስት እጥፍ። ስፒከሮቹ ጀርባ ላይ 8 ኦም የሚል ተጽፏል፤ አምፕሊፋየሩ በየጎኑ 60 ዋት ነው። አባቴ የሚያዳምጠው ክራርና ማሲንቆ ስለሆነ ቤት የሚያናውጥ ድምፅ አንፈልግም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ካቻቢቴ (ኮምቦልቻ)

ወንድሜ፣ እኩል ይሁን አይሁን ከማለትህ በፊት ያን 11 ሜትር የሚል ግምት ተወው። ሲባጎ ውሰድ። ጫፉን አምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ በናስትሮ ለጥፍና ገመዱ በሚሄድበት መንገድ ሁሉ ዘርጋው፦ ከቡፌው ኋላ አውርደህ፣ በዞኮሎው ላይ ወስደህ፣ ማዕዘኑን አዙረህ፣ በመቃኑ ሽቅብ አውጥተህ፣ ከበሩ በላይ አሻግረህ፣ እንደገና አውርደህ እስከ ስፒከሩ መግጠሚያ ድረስ። ጥግ ላይ ሲደርስ አትወጥረው፤ ገመድ እንደ ሲባጎ ስል ሆኖ አይታጠፍም፣ ትንሽ ክብ ሠርቶ ነው የሚዞረው። ከዚያ አውርደህ ወለሉ ላይ አስተኛውና በሜትር ለካው። አንድ በር ብቻ ሽቅብ፣ ቁልቁልና አግድም ሲቆጠር ወደ 5 ሜትር ይበላል። ሰው ሁሉ የሚረሳው እርሱን ነው።

በተገኘው ልክ ላይ ትርፍ ጨምር። በአምፕሊፋየሩ በኩል አንድ ሜትር ያህል፣ በስፒከሩ በኩል ግማሽ ሜትር። የአምፕሊፋየሩ ጀርባ መታየት ሲያስፈልግ ዕቃው ከቡፌው ተስቦ መውጣት አለበት፤ ልክክ ብሎ የተቆረጠ ገመድ ያን ጊዜ መግጠሚያውን ይዞ ይነቀላል። ስፒከሩም ለበዓል ቤት ሲጸዳ ይነሳል። በዚያ ላይ የተላጠው ጫፍ ከጊዜ በኋላ ይጠቁራል፤ ቆርጦ እንደ አዲስ ለመላጥ ሁለት ሦስት ጣት ትርፍ ያስፈልጋል።

እኔ ሁለቱን ጎን ለየብቻ ለክቼ ነው የምዘረጋው፤ ዘገየብኝ ብሎ የመጣ ደንበኛ የለም። ለምን እንደማይዘገይ ግን ኦምና ዋት ይምጣና ያስረዳህ።

ኦምና ዋት (ወልዲያ)

ስሜ ተጠርቶ መጣሁ። ሻጩ የነገረህን በቁጥር እንየው።

ሲግናል በገመድ ውስጥ የሚሄደው በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የ8 ሜትር ልዩነት የሚፈጥረው መዘግየት 40 ቢሊዮንኛ ሰከንድ ቢሆን ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ነው የሚጓዘው፤ በዚያች ቅጽበት ውስጥ የሚሄደው ርቀት ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ እጅ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ የገመድህ እኩል አለመሆን አንዱን ስፒከር ከፀጉር ውፍረት ባነሰ ርቀት ወደ ኋላ እንደመግፋት ነው። አባትህ ወንበራቸው ላይ ቀና ሲሉ ጆሯቸው ከዚያ ሺህ ጊዜ በላይ ይንቀሳቀሳል። መዘግየት የሚያሳስብህ ከሆነ ገመዱን ትተህ ስፒከሮቹ ከአባትህ ወንበር ያላቸውን ርቀት አስተካክል። የአንድ ሜትር ልዩነት ወደ 3 ሺህኛ ሰከንድ ያመጣል፤ ያን ጆሮ በደንብ ያውቀዋል፤ ዘፋኙ ወደ ቀረበው ስፒከር ያዘነብላል።

ርዝመት የሚጎዳው በሬዚስታንስ፣ ማለትም ገመዱ ኤሌክትሪኩን በሚገታው መጠን በኩል ነው። አንድ ሜትር የመዳብ ሽቦ፣ ውፍረቱ 1 ካሬ ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ 0.0172 ኦም አለው። ኤሌክትሪኩ ሄዶ ስለሚመለስ እጥፍ አድርገህ ቁጠር። የተለመደው መመዘኛ የገመዱ ሬዚስታንስ ከስፒከሩ ኢምፒዳንስ (ጀርባው ላይ ከተጻፈው ኦም) 5 በመቶ እንዳይበልጥ ነው። ለ8 ኦም ስፒከር 0.4 ኦም ማለት ነው። በዚህ ሒሳብ ባለ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ እስከ 8 ሜትር ተኩል፣ ባለ 1.5 እስከ 17 ሜትር፣ ባለ 2.5 እስከ 29 ሜትር ያስኬድሃል። ስፒከሩ 4 ኦም ቢሆን ኖሮ ሁሉም በግማሽ ይቀንስ ነበር።

ያንተን እንውሰድ። በባለ 1.5 ገመድ 3 ሜትሩ 0.07 ኦም፣ 11 ሜትሩ 0.25 ኦም ይሆናል። በሁለቱ መካከል የሚፈጠረው የድምፅ መጠን ልዩነት 0.2 ዲሲቤል ገደማ ነው። ሰው ሙዚቃ እየሰማ ለይቶ የሚያውቀው ልዩነት ወደ 1 ዲሲቤል ሲጠጋ ነው። ቀጭኑ ቀይና ጥቁር ገመድ ብዙ ጊዜ 0.5 ወይም ከዚያ በታች ስለሆነ እርሱን ብትዘረጋ ልዩነቱ ከግማሽ ዲሲቤል ያልፋል፤ ሬዚስታንሱም ከ5 በመቶው መስመር ወጥቶ ወደ 9 ተኩል ይደርሳል። እንግዲህ ቀጭኑን ተወው፤ ሦስት እጥፍ የሚያስከፍለውንም እስካሁን ለመግዛት ምክንያት አላየሁም።

የድሮ ቴፕ (ደሴ)

ልጆች፣ ቁጥሩን አነበብኩት። እኔ ግን ሙዚቃ የምሰማው በጆሮዬ ነው። ከቴፕ ዘመን ጀምሮ የኖርኩበት ነገር ስለሆነ ሁለቱ ገመዶች እኩል ሲሆኑና ሳይሆኑ ያለውን ልዩነት እለያለሁ። አምባሰል በዋሽንት ሲነፋ ድምፁ ከመሐል መምጣት አለበት። ገመዴ አንዱ አጭር፣ አንዱ ረጅም በነበረ ጊዜ ዋሽንቱ ቦታ አልነበረውም፤ በክፍሉ ውስጥ ተበትኖ ይሰማ ነበር፤ ዝቅተኛው ድምፅም ሳስቶ ነበር። እኩል አድርጌ ቆርጬ እንደ አዲስ ስገጥማቸው ወደ መሐል ተሰበሰበ። ይህን በምን ቁጥር ታስረዱኛላችሁ?

ኦምና ዋት (ወልዲያ)

ጋሼ፣ የሰሙትን ሰምተዋል፤ አልከራከርም። የገለጹት ግን የታወቀ ምልክት ነው። ዋሽንቱ ቦታ አጥቶ ሲበተንና ዝቅተኛው ድምፅ ሲሳሳ፣ ብዙ ጊዜ አንዱ ስፒከር ላይ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ተገልብጦ ገብቷል ማለት ነው። አንዱ ስፒከር ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ይስባል፤ ዝቅተኛው ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። እርስዎ ገመዱን ቆርጠው እንደ አዲስ ሲገጥሙት ሳያስቡት ተስተካክሎ ይሆናል። ለማረጋገጥ ቀላል ነው፤ አሁን ያለውን እኩል ገመድ እንዳለ ይተዉትና በአንዱ ስፒከር በኩል ብቻ ሁለቱን ሽቦዎች አገላብጠው ይግጠሙ። ያ የተበተነ ድምፅ ተመልሶ ከመጣ መልሱን አገኙ።

በአንድ ነገር ግን ከእርስዎ ጋር ነኝ። ጀርባው ላይ 8 ኦም የተጻፈበት ስፒከር በሁሉም ድምፅ ላይ 8 ኦም አይደለም፤ በአንዳንዱ ወደ 6 ወይም 5 ይወርዳል፣ በሌላው ከ20 በላይ ይወጣል። ገመዱ ቀጭንና ረጅም ሲሆን ስፒከሩ ዝቅ ባለበት ቦታ ብዙ ይወስድበታል፣ ከፍ ባለበት ጥቂት። ውጤቱ የድምፅ መቀነስ ብቻ ሳይሆን የቃና መለወጥ ነው። ስለዚህ አንዱ ጎን አጭር፣ አንዱ ጎን ረጅም ሆኖ ሁለቱም በቀጭን ገመድ ከተሠሩ፣ ሁለቱ ስፒከሮች ትንሽ የተለያየ ቃና ሊኖራቸው ይችላል። መፍትሔው አጭሩን ማስረዘም አይደለም፤ ረጅሙን ማወፈር ነው።

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ጋሽ የድሮ ቴፕ፣ እርስዎ የሚሉት ዋሽንት ከመሐል መምጣቱ እኔንም ያስጨንቀኛል፤ አባቴ በዚህ ቀልድ አያውቅም። ኦምና ዋት፣ አንድ ጥያቄ ልጨምር፤ አትሳቁብኝ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች። አየሩ ሳሳ ሲል ድምፅ አይዘገይም?

ኦምና ዋት (ወልዲያ)

አያስቅም። የድምፅን ፍጥነት የሚወስነው የአየሩ ሙቀት ነው እንጂ የአየሩ መሳሳት አይደለም ማለት ይቻላል። በየአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ 0.6 ሜትር በሰከንድ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ኮምቦልቻ ከደሴ ይሞቃል፤ እዚያ ድምፅ በጥቂት ሜትር ፈጥኖ ይሄዳል፤ ለሁለቱም ስፒከር እኩል ስለሆነ ማንም አያውቀውም። ከፍታው የሚነካው ሌላ ነገር ነው፦ የሳሳ አየር ሙቀትን በደንብ አይወስድም። ቡፌ ውስጥ የተዘጋ አምፕሊፋየር ከላይና ከኋላ መተንፈሻ ይኑረው።

ሐይቅ ዳር (ሐይቅ)

እኔ የተለየ ሐሳብ አለኝ። ቡፌው ውስጥ አምፕሊፋየሩን ከማስቀመጥ ቴሌቪዥኑና ዲቪዲው ቡፌው ላይ ይቆዩና አምፕሊፋየሩ በሁለቱ ስፒከሮች መሐል ቢቀመጥስ? ያኔ ሁለቱም የስፒከር ገመዶች አጭር ይሆናሉ፤ ረጅሙ ቀይና ነጭ ጫፍ ያለው የሲግናል ገመድ ብቻ ነው። እርሱ ደግሞ ርካሽ ነው። እኛ ቤት እንደዚያ ነው የተዘረጋው። አንድ ችግር ብቻ አለ፤ እንጀራ ስንጋግር ዝም የማይል እምምም የሚል ድምፅ ይሰማል።

ካቻቢቴ (ኮምቦልቻ)

እህቴ፣ መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል። የሲግናል ገመድሽ ከምጣዱ የኤሌክትሪክ ገመድ ጎን ለጎን ነው የሚሄደው፤ አይደለም? የኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ምጣድ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ በዙሪያው ያለው መስክ በሲግናል ገመዱ ውስጥ ይገባል፣ አምፕሊፋየሩም አጉልቶ ያሰማሻል። የሲግናል ገመዱን ከኃይል ገመዱ ቢያንስ አንድ ስንዝር አርቂው፤ መገናኘት ግድ ከሆነ መስቀል ሠርተው ይተላለፉ እንጂ ጎን ለጎን አይሂዱ። እንጀራ በማይጋገርበት ጊዜም እምምታው ካለ ደግሞ ቴሌቪዥኑና አምፕሊፋየሩ ከተለያየ ሶኬት ስለተሰኩ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱንም ከአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰክተሽ ሞክሪ። የምድር መስመሩን ከሶኬቱ መንቀል ግን አይፈቀድም፤ እምምታው ቢጠፋም ቤተሰብ ላይ አደጋ ትጠሪያለሽ።

ኦምና ዋት (ወልዲያ)

የካቻቢቴን ሐሳብ ላሟላ። ከሁለቱ አንዱ መርዘም ካለበት የስፒከሩ ገመድ ይርዘም። የስፒከር ገመድ የሚይዘው ከፍ ያለ ቮልቴጅና ብዙ ኤሌክትሪክ ነው፤ ምጣድ አይረብሸውም። ቀይና ነጭ ጫፍ ያለው ገመድ የሚይዘው በጣም ትንሽ ሲግናል ስለሆነ በመንገዱ ያገኘውን ሁሉ ይለቅማል። ቤት ውስጥ እርሱን ከ2 ወይም ከ3 ሜትር ባታሳልፉ ይሻላል። በመድረክ ላይ የሚታየው ባለ ሦስት እግር የማይክሮፎን ገመድ ግን ሌላ ነው፤ ሁለት ተቃራኒ ሲግናል ስለሚይዝ በመንገድ የገባው ሁካታ መጨረሻ ላይ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ 50 ሜትርም 100 ሜትርም ይሄዳል። የቤት ዕቃዎች አብዛኞቹ ይህ መግጠሚያ የላቸውም።

ቃሉ ማዶ (ባቲ)

አሰላሙ ዓለይኩም። የቤት ጉዳይ ባይሆንም ቅርብ ስለሆነ ልጠይቅ። ለመውሊድ መንዙማ በግቢያችን ይባላል፤ ድቤው ያለበት ዳስ ከአምፕሊፋየሩ ክፍል 40 ሜትር ይርቃል። ስፒከሮቹ 8 ኦም ናቸው። ባለፈው ጊዜ በቀጭን ገመድ ሞክረን ድምፁ ሞቶ ደረሰ። ምን ያህል ውፍረት ያስፈልገናል?

ኦምና ዋት (ወልዲያ)

ወዓለይኩሙ ሰላም። ባለ 4 ካሬ መዳብ ከሆነ 40 ሜትር ላይ 0.34 ኦም ስለሚሆን ከመስመሩ ውስጥ ነው። ግን ያን ያህል መዳብ ከመግዛት አምፕሊፋየሩን ወደ ዳሱ አቅርቡትና የማይክሮፎኑን ገመድ አስረዝሙ። ወይም የራሱ አምፕሊፋየር በውስጡ ያለው ስፒከር ተከራዩ። በመስጊድ ሚናራ ላይ የምታዩአቸው ቀንድ ስፒከሮች በቀጭን ገመድ ሩቅ የሚደርሱት ትራንስፎርመር ስላላቸውና ብዙውን ጊዜ በ100 ቮልት መስመር ስለሚሠሩ ነው፤ ቮልቴጁ ሲጨምር ኤሌክትሪኩ ይቀንሳል፣ ገመዱም ብዙ አይበላም። የቤት 8 ኦም ስፒከር ያን መስመር ላይ እንዳትቀጥሉ፤ ይቃጠላል።

ካቻቢቴ (ኮምቦልቻ)

ወደ ጦሳ ሥር ጉዳይ እንመለስ፤ አንድ ትልቅ ነገር ቀርቷል። ኦምና ዋት የሚያወራው ስለ መዳብ ነው። ገበያ ላይ ከሚሸጠው ውስጥ ብዙው ላዩ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ሬዚስታንሱ ከመዳብ ወደ አንድ ተኩል እጥፍ ስለሚሆን ባለ 1.5 ብለህ የገዛኸው እንደ ባለ 1 ነው የሚሠራው። ወፍራሙና ልባሱ የሚያሳየው ገመድም አያታልልህ፤ የሚያብለጨልጨው ልባሱ ሽቦውን ያጎላዋል፤ ስትላጠው ግማሹ ፕላስቲክ ሆኖ ታገኘዋለህ።

እንዴት ትለየዋለህ? ጫፉን ላጥና አንዷን ቀጭን ሽቦ በምላጭ ፋቃት። ከሥሩ ነጣ ካለ አሉሚኒየም ነው፤ መዳብ እስከ ውስጡ ቀይ ነው። በእጅህም መዝነው፤ አሉሚኒየም ክብደቱ ከመዳብ ሲሶ አይሞላም። ሻጩ ከፈቀደ በላይተር ሞክር፤ አንዷን ቀጭን ሽቦ እሳቱ ላይ ስትይዛት አሉሚኒየሟ ቶሎ ትልፈሰፈስና ትበጠሳለች፤ መዳቧ ቀልታ ትቆያለች።

ሙሉ ጥቅል የሚሸጥ ሱቅ ካገኘህ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የሚሻል አለ። ሞልቲሜትር ይዘህ ሂድ። የጥቅሉን አንዱን ጫፍ ሁለቱን ሽቦዎች አገናኝተህ እሰራቸው፣ በሌላው ጫፍ ለካ። 100 ሜትር ባለ 2 በ 1.5 ንጹሕ መዳብ ከሆነ 2.3 ኦም ገደማ ይላል። 3.5 እና ከዚያ በላይ ካለህ አሉሚኒየም ነው ወይም ውፍረቱ የተጻፈውን ያህል አይደለም። ከመለካትህ በፊት የሞልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች አነካክተህ የሚያሳየውን ከውጤቱ ቀንስ፤ ርካሽ መሣሪያ በራሱ ገመድ ላይ ግማሽ ኦም ይጨምራል። 3 ሜትር ቁራጭ ላይ ይህን ብትሞክር ምንም አይነግርህም፤ በጣም ያንሳል።

አንድ ምክር ደግሞ፦ «የስፒከር ገመድ» ተብሎ የተጻፈበትን መግዛት የለብህም። ባለ ሁለት መስመር ተጣጣፊ የመብራት ገመድ፣ መዳብ እስከሆነ ድረስ፣ ሥራውን ይሠራል። ግን ሁለቱም ጫፎች ላይ በቀይ ናስትሮ ምልክት አድርግበት። ነጭ የመብራት ገመድ ወለል ላይ የተኛ ያየ ሰው አንድ ቀን መሰኪያ ይገጥምለትና ሶኬት ላይ ይሰካዋል፤ ያኔ ስፒከርህም አምፕሊፋየርህም አለቁ።

እትዬ ስኒ (ደሴ)

የወንዶቹን ሒሳብ ካነበብኩ በኋላ አንድ ነገር ማንም አለማንሳቱ ገረመኝ፦ ቡና የሚፈላው የት ነው? ሳሎኑ ውስጥ ረከቦት የሚቀመጥበት ቦታ ካለ ገመዱ በምንጣፍ ሥር በዚያ በኩል አይለፍ። ከሰል ይረግፋል፤ የገመዱ ልባስ በአንዲት ፍም ይቀልጣል። ቄጠማ ይነሰነሳል፣ ቄጠማው ውኃ ይረጫል። የተቀጠለና በናስትሮ በደንብ ያልታሰረ ቦታ እዚያ ላይ ከወደቀ ሁለቱ ሽቦዎች ይገናኛሉ። የእኛ ቤት አምፕሊፋየር የሞተው እንዲያ ነው፤ ጠጋኙ ከፍቶ የተቃጠለውን ትራንዚስተር አሳየን። መሐል ላይ የሚቀጠል ገመድ አትግዛ፤ አንድ ወጥ ይሁን፤ ለዚህም ነው ልኩ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት።

በኮርኒስ ውስጥ ላሳልፈው ካልክም አይጥ አለ። የጭቃ ቤት ኮርኒስ ውስጥ የሚያልፍ ገመድ በፕላስቲክ ቱቦ ይግባ።

ካቻቢቴ (ኮምቦልቻ)

እትዬ፣ ይህን ማንሳትዎ ተገቢ ነው። በቱቦ ሲገባ መንገዱ በግድግዳው ሽቅብ ወጥቶ ስለሚወርድ ርዝመቱም ይጨምራል፤ ሲባጎውን በዚያ በኩል ዘርግቶ መለካት ነው።

ጦሳ ሥር (ደሴ)

እትዬ ስኒ፣ እናቴ ይህን ስታነብ «ይኼው፣ ሰው አለ» አለች። ገመዱ በረከቦቱ በኩል አይሄድም፤ በበሩ ላይ ነው።

ሲባጎውን ዘረጋሁት። 13 ሜትር ሆነ፤ ትርፉ ሲጨመር 14 ሜትር ተኩል። የአጭሩ ጎን ከነትርፉ 4 ሜትር ነው። ካቻቢቴ፣ የመቃኑ ነገር እውነትህን ነው። ባለ 2.5 ልገዛ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን የአምፕሊፋየሩን ጀርባ ሳየው መግጠሚያው በጣት ተጭነህ ቀዳዳ የምትከፍትበት፣ በስፕሪንግ የሚይዝ ዓይነት ነው። ባለ 2.5 የሚገባበት አይመስልም።

ካቻቢቴ (ኮምቦልቻ)

አይገባም። በግድ ስታስገባው ጥቂት ሽቦዎች ወደ ጎን ያፈተልኩና ጎረቤቱን ይነካሉ። ሰው ሽቦ እየቆረጠ ሲያሳንሰው አይቻለሁ፤ ያ ደግሞ ወፍራም ገመድ የመግዛትን ዋጋ ያጠፋል። በኦምና ዋት ሒሳብ ለ8 ኦም ባለ 1.5 እስከ 17 ሜትር ይሄዳል፤ ያንተ 14 ተኩል ነው። ባለ 1.5 ንጹሕ መዳብ ውሰድ። ጫፉን አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ላጥና ጠምዝዘው፤ ከተቻለህ በቆርቆሮ ብየዳ አጠንክረው፤ ስፕሪንጉ በደንብ ይይዘዋል። ምልክት ያለበት ሽቦ በሁለቱም ስፒከር ቀይ ቀዳዳ ውስጥ ይግባ፤ ጋሽ የድሮ ቴፕ የገጠማቸው ነገር እንዳይደገም።

የአጭሩን ጎን ትርፍ ገመድ ጠቅልለህ በላስቲክ አትሰረው የሚሉ አሉ። ለስፒከር ገመድ ይህ የሚያሳስብ አይደለም፤ የሚሄደውና የሚመለሰው ኤሌክትሪክ ጎን ለጎን ስለሆነ እርስ በርሱ ይሰረዛል። ጠቅልሎ መተው የሚያስፈራው የምጣድና የምድጃ ማስረዘሚያ ገመድ ላይ ነው፤ እርሱ ተጠቅልሎ ብዙ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይግላል፣ ልባሱም ይቀልጣል።

ሐይቅ ዳር (ሐይቅ)

ካቻቢቴ እግዜር ይስጥልኝ፤ ገመዱን ከምጣዱ መስመር ሳርቀው እምምታው ጠፋ። አምፕሊፋየሩን ወደ ቡፌው መልሼ የስፒከሩን ገመድ ላስረዝም እያሰብኩ ነው። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ወንድሜ አዲስ ቴሌቪዥን ሊገዛ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ከአምፕሊፋየሩ 12 ሜትር ይርቃል። ኤችዲኤምአይ ገመድ 15 ሜትር ገበያ ላይ አይቷል። ይሠራል?

ኦምና ዋት (ወልዲያ)

ምስሉ ፎርኬ ከሆነ ተራ የመዳብ ኤችዲኤምአይ ገመድ ከ5 ሜትር በላይ መታመን አይቻልም። ዲጂታል ስለሆነ ቀስ እያለ አይደክምም፤ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ምስሉ ይቆራረጣል ወይም ጨርሶ ይጠፋል። 15 ሜትር ከፈለጋችሁ በውስጡ የብርሃን መስመር ያለውን ግዙ፤ እርሱ አንዱ ጫፍ ለላኪ፣ ሌላው ለተቀባይ ተብሎ የተለየ ስለሆነ ከመዘርጋታችሁ በፊት አይታችሁ ግጠሙት። ድምፁን ብቻ ከፈለጋችሁ ደግሞ በኦፕቲካል ገመድ ይቻላል፤ 5 ሜትር ያለ ችግር፣ ጥሩው እስከ 10 ሜትር። 12 ሜትር ላይ እርሱንም አልመክርም። ቴሌቪዥኑን ማቅረብ አይቻልም?

ሐይቅ ዳር (ሐይቅ)

ከባለቤቱ ጋር መነጋገር አለበት።

የድሮ ቴፕ (ደሴ)

ሽቦውን አገላብጬ ሞከርኩት። ዋሽንቱ ተበተነ። መልሼ አስተካከልኩት፤ ተሰበሰበ። እሺ፣ ይህን ተቀብያለሁ። ገመዴ ግን እኩል እንደሆነ ይቆያል፤ ከተቆረጠ ወዲያ መልሶ ማሳጠር ምን ይጠቅማል፤ ስፒከሮቹን ባዘዋውር ደግሞ ያገለግለኛል።

አሁን እኔም ልጠይቅ። ሸክላ ማጫወቻ አለኝ። ገመዱ 1 ሜትር ብቻ ስለሆነ መደርደሪያው ላይ አልደርስ አለኝ። ያው የሲግናል ገመድ ነውና በ4 ሜትር ልለውጠው?

ኦምና ዋት (ወልዲያ)

ጋሼ፣ እዚህ ላይ ተው እላለሁ። ከሁሉም የድምፅ ዕቃ የገመድ ርዝመት በእውነት የሚሰማበት ቦታ ይህ ነው። የተለመደው ባለ ማግኔት መርፌ የሚሰጠው ሲግናል ጥቂት ሚሊ ቮልት ነው፤ ውስጡ ያለው ጥምጥም ሽቦም ከገመዱ ካፓሲታንስ (ሁለቱ ሽቦዎች ቻርጅ ከሚይዙበት አቅም፤ የሚለካው በፒኮፋራድ ነው) ጋር ተዳምሮ ከፍተኛውን ድምፅ ይቀርጻል። ገመድ በየሜትሩ 100 ፒኮፋራድ ያህል ይጨምራል። ጥምጥሙ 500 ሚሊ ሄንሪ የሆነ መርፌ በጠቅላላው 250 ፒኮፋራድ ሲያገኝ ድምፁ ከልክ በላይ የሚጎላበት ጉብታ 14,000 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ እዚያ ብዙ አይጎዳም። ወደ 500 ሲደርስ ወደ 10,000 ይወርዳል፤ የማሲንቆው ጭረት ይሾላል፣ ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ ይቆረጣል። 3 ሜትር ሲጨምሩ 300 ፒኮፋራድ ጨመሩ ማለት ነው።

ማጫወቻውን ከአምፕሊፋየሩ አጠገብ ያድርጉት፤ ካልሆነ የሸክላ ፕሪአምፕሊፋየር ገዝተው ከማጫወቻው ሥር ያስቀምጡ፣ ከእርሱ ወዲያ 3 ሜትር ቢሄዱ ችግር የለም። ከማጫወቻው እስከ ፕሪአምፕሊፋየሩ ያለው ግን ከ1 ሜትር ከ20 አይብለጥ። ቀጭኗን የምድር ሽቦም አይርሱ፤ እርሷ ካልታሰረች እንደ ሐይቅ ዳር ቤት ያለ እምምታ ይሰማሉ፤ ምጣድ ሳይኖርም።